የመሥሪያ ቤቱ ስልክ በየትኛው ስሪት ይታደስ?

የስልክ ነገር እንደ ቧንቧ ውሃ ነው። ሲከፍቱት እስከ ወረደ ድረስ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የተቋረጠ ዕለት ግን ቤተ ሰቡ ሁሉ ባለሙያ ይሆናል። እንዲሁም በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስልክ አንሥቶ የሚነጋገር ሰው፣ ድምፁን ከክፍል ወደ ክፍል ከውስጥም ወደ ውጭ የሚያደርሰው ማገናኛ ምን እንደ ሆነ አያስብም። ቀድሞ ይኽን ሥራ ይሠሩ የነበሩት ስልከኞች ማዳመጫውን በጆሮአቸው ላይ ደፍተው፣ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ እየነቀሉ በሌላው ይሰኩ ነበር። ቀጥሎ ቁም ሣጥን የሚያህል መሣሪያ ተተካ። ዛሬ ደግሞ በብዙ ሆቴል፣ በብዙ ሆስፒታልና በብዙ የንግድ ቤት ያ ማገናኛ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ የተጫነ ፕሮግራም ሆኖአል። ባለሙያዎቹ ኮምፒዩተሩን ሰርቨር፣ ማገናኛውን ፒቢኤክስ ይሉታል።

ፕሮግራም ከሆነ ዘንድ ደግሞ ያረጃል። የሚያረጀውም እንደ ብረት ዝጎ ሳይሆን፣ ሠሪዎቹ ፊታቸውን ወደ አዲሱ ስለሚያዞሩ ነው። ከዚህም የተነሣ በየጥቂቱ ዓመት "ወደ የትኛው ስሪት እናሳድገው?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ስሪት ማለት ባለሙያዎቹ ቨርሽን የሚሉት ሲሆን፣ አንድ መጽሐፍ እየታረመና እየተጨመረበት አንደኛ እትም፣ ሁለተኛ እትም እንደሚባለው ያለ ነው። ነገሩ ለኮምፒዩተር ክፍል ብቻ የሚተው ይመስላል። እኔ ግን ሥራ አስኪያጁም ገንዘብ ያዡም ሊያውቁት የሚገባ ነው እላለሁ። የተሳሳተ ምርጫ ቢደረግ ዕዳውን የሚከፍሉት ደውለው መልስ ያጡት በሽተኛና ደንበኛ ናቸውና።

ነገሩን በጥቅሉ ከማውራት አንድ የታወቀ ምሳሌ መያዝ ይሻላል። አስተሪስክ የሚባለው የስልክ ፕሮግራም በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛን በጠቀስሁ ጊዜ እናገራለሁ) ማርክ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ለከፈተው አነስተኛ ድርጅት የስልክ ማገናኛ ሊገዛ ፈልጎ ዋጋው ቢከብደው፣ ራሱ ጽፎ አወጣው። ማንም ወስዶ እንዲሠራበትና እንዲያርመው በነፃ ለቀቀው። ስሙም በስልክ ቁልፎች ላይ የምትታየው ያች ትንሽ ኮከብ ስም ነው። ዲጂየም የተባለው የስፔንሰር ኩባንያ በ2018 ለካናዳው ሳንጎማ ተሸጠ፤ ፕሮግራሙ ግን እስከ ዛሬ በነፃ እንደ ሆነ ነው።

በዚህ ፕሮግራም ከሚጠቀሙት መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ሁለት ዓይነት ሰው አይታጣም። አንደኛው "ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" የሚለው ነው። ሰርቨሩ አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳይጠፋ አገልግሎአልና፣ ለምን ይነካል ይላል። ሐሳቡ የሰነፍ ሐሳብ አይደለም፤ ስልክ የሚታመነው ባለመነካቱ ነውና። ነገር ግን ይኽ ሰው አንድ ነገር ረስቶአል። የጥንቱ ባለ ገመድ ማገናኛ በተቈለፈ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ስለ ነበረ፣ ሊሰርቀው የሚፈልግ መጀመሪያ ዘበኛውን ማለፍ ነበረበት። የዛሬው ሰርቨር ግን በኢንተርኔት ላይ በሩን ከፍቶ የቆመ ነው። የይለፍ ቃሉ ደካማ የሆነውን ወይም ቀዳዳው ያልተደፈነውን የስልክ ሰርቨር ሌት ተቀን የሚያስሱ ፕሮግራሞች በዓለም ዙሪያ አሉ። አንዱን ያገኙ እንደ ሆነ፣ ቅዳሜ ሌሊት ሰው በሌለበት ሰዓት ደቂቃው እጅግ ውድ ወደ ሆነ የውጭ አገር ቁጥር ያለ ማቋረጥ ይደውሉበታል። ሰኞ ጠዋት ሒሳቡ የሚጠብቀው ባለቤቱን ነው። ጥበቃው ባለቀበት ስሪት ላይ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ ደግሞ ወሬው ለሌባም ለባለቤትም እኩል ይደርሳል፤ የሚደፍነው ግን የለም።

በዚያ ላይ ፕሮግራሙ ብቻውን አይኖርም። ከበታቹ የተዘረጋው የኮምፒዩተሩ ሥርዓትም ዕድሜ አለው። ብዙ የስልክ ሰርቨሮች የቆሙበት ሴንቶስ 7 በ2024 ጁን 30 ቀን ጥበቃው አብቅቶአል። ፍሪፒቢኤክስ የተባለው፣ አስተሪስክን በስክሪን ላይ በቀላሉ ለማዘዝ የተሠራው ፕሮግራም፣ በዚያው ዓመት በወጣው 17ኛ ስሪቱ ሰፈሩን ለቆ ወደ ዴቢያን 12 ሄዶአል። አልነካም ያለው ሰው እንግዲህ እርሱ ዝም ብሎ ቢቀመጥ መሬቱ ከእግሩ ሥር ይሄድበታል።

ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። አዲስ ነገር ወጣ ሲባል እንቅልፍ አይወስደውም። ቁጥሩ ከፍ ያለው ሁሉ የተሻለ ይመስለዋል። ይኽኛው ለስልክ ከመጀመሪያው የባሰ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱን ለማስረዳት ግን የቁጥሩን አቆጣጠር ጥቂት ማየት ያስፈልጋል።

አስተሪስክ 1.0 የወጣው በ2004 ነው። 1.2 በ2005፣ 1.4 በ2006 ተከተሉት። በ2008 ዓመት 1.6 በመጣ ጊዜ ነገሩ ተደበላለቀ። 1.6.0፣ 1.6.1፣ 1.6.2 እየተባለ ሲወጣ፣ የመጨረሻዋ ቁጥር ትንሽ እርማትን ብቻ የምታመለክት መስላ፣ በእርግጥ ግን ከነአዲስ ሥራው የመጣ ሌላ ስሪት ነበረች። ደግሞም እስከዚያ ድረስ ትእዛዞችን ለመለያየት ትጻፍ የነበረችው ቀጥ ያለች መስመር በ1.6 ተሽራ በነጠላ ሰረዝ ተተካች። ለአንባቢ ይኽ የፊደል ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ሺህ መስመር የጥሪ ትእዛዝ ለጻፈ ሰው ግን ሺህ ቦታ ማረም ማለት ነበር። በ2010 የወጣው 1.8 ለረዥም ጊዜ የሚጠበቅ ስሪት ተብሎ ተሰየመ። ከዚያም ከፊት ያለችው "1" ተጥላ፣ በ2011 የወጣው ቀጣዩ ስሪት 10 ተባለ። ከ1.8 ወደ 10 ሲዘለል አይቶ በመካከል ስንት ስሪት አመለጠኝ ብሎ የደነገጠ ቢኖር የሚፈረድበት አይደለም።

ዛሬ ደንቡ ግልጽ ነው። በየዓመቱ በኦክቶበር ገደማ አንድ አዲስ ስሪት ይወጣል። ስሪቶቹም ሁለት ዓይነት ናቸው። ረዥም ዕድሜ ያላቸው አራት ዓመት ሙሉ ስሕተታቸው ሁሉ ይታረማል፤ አምስተኛውን ዓመት የሌባ ቀዳዳ ብቻ ይደፈንላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ይቀበራሉ። አጭር ዕድሜ ያላቸው ደግሞ አንድ ዓመት ይታረማሉ፣ አንድ ዓመት ቀዳዳ ይደፈንላቸዋል፣ አለቀ። በ2018 ከወጣው ከ16ኛው ወዲህ ረዥም ዕድሜ የተሰጣቸው ለሁለት እኩል የሚከፈሉት ቁጥሮች ናቸው፤ 16፣ 18፣ 20፣ 22።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ብቻ የተዘጋጀች የምትመስል አንዲት ግጥምጥሞሽ አለች። 16ኛው ስሪት ጥበቃው ያለቀው በኦክቶበር 2023 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. መግቢያ። 18ኛው ያለቀው በኦክቶበር 2025 ነው፤ በእኛ 2018 ዓ.ም.። 20ኛው የሚያልቀው በኦክቶበር 2027 ነው፤ በእኛ 2020 ዓ.ም.። 22ኛውም በኦክቶበር 2029፣ በእኛ 2022 ዓ.ም. ያልቃል። ስለዚህ የስሪቱ ቁጥር ራሱ የሚሞትበትን የእኛን ዓመት ይናገራል። ሠሪዎቹ ይኽን ቢሰሙ ሳይስቁ አይቀሩም። የእኛ አገር ባለሙያ ግን ሠንጠረዥ ሳያገላብጥ በቃሉ ሊይዘው ይችላል። አጭር ዕድሜ ላላቸው ቁጥሮች ግን ይኽ ስሌት አይሠራም።

አሁን አዲስ ወዳዱን ሰው እንመልከተው። በኦክቶበር 2025 የወጣው 23ኛው ስሪት አጭር ዕድሜ ካላቸው ወገን ነው። የሚያልቀውም በኦክቶበር 2027 ነው። 20ኛው በ2022 የወጣ፣ የሦስት ዓመት ታላቁ ሲሆን፣ የሚያልቀው በዚያው በኦክቶበር 2027 ነው። እንግዲህ ታላቅና ታናሽ ወንድማማቾች በአንድ ወር ይቀበራሉ ማለት ነው! 23ኛውን የጫነ ሰው አዲስነቱን ገዛ እንጂ ከ20ኛው አንድ ወር እንኳ የበለጠ ዕድሜ አላገኘም። ይልቁንም በኦክቶበር 2024 የወጣው 22ኛው፣ በቁጥር ከ23 ቢያንስም፣ ሁለት ዓመት ቈይቶት ይኖራል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይኽ ነው። የሰው ጥሪ የሚያልፍበት፣ በሥራ ላይ ያለ ሰርቨር 22ኛው ላይ ይቀመጥ። 23ኛውን ለመሞከሪያ በተለየ ኮምፒዩተር ላይ የሚያጠና ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል፤ በሆስፒታሉ ስልክ ላይ ግን አያጥና። ከ22ኛውም ቢሆን መጀመሪያ የወጣችውን 22.0 ሳይሆን፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር ከፍ ያለውን መውሰድ ነው። ያ ቁጥር ሌሎች ሰዎች ቀድመው ወድቀው ያስነሡትን እርማት የሚቈጥር ነው።

ቁጥሩን መምረጥ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ዋናው እሾህ በመንገዱ ላይ የጠፋው ነገር ነው። በስልክ ዓለም ሲፕ የሚባል የመነጋገሪያ ደንብ አለ፤ የጠረጴዛው ስልክና ሰርቨሩ "አለሁ፤ ጥሪ መጥቶአል፤ ተነሥቶአል፤ ተዘግቶአል" የሚባባሉት በእርሱ ነው። በአስተሪስክ ውስጥ ይኽን ደንብ የሚያስፈጽመው ክፍል ለብዙ ዘመን ቻን ሲፕ የሚባለው ነበር። በ2013 ከ12ኛው ስሪት ጋር ፒጄሲፕ የሚባል አዲስ ክፍል መጣ። በ2019 በ17ኛው ቻን ሲፕ ሊሻር መሆኑ ተነገረ። በ2021 በ19ኛው፣ ጫኚው ፈልጎ ካላስገባው በቀር በራሱ የማይገባ ሆነ። በ2023 በ21ኛው ጨርሶ ወጣ። ማክሮ የሚባለው የጥሪ ትእዛዝም በ16ኛው ሊሻር ነው ተብሎ፣ በ21ኛው አብሮ ተወግዶአል፤ ምትኩ ጎሱብ ነው። እንግዲህ 13ኛው ወይም 16ኛው ላይ የቈየ ሰው በአንድ ሌሊት 22ኛውን ቢጭን፣ ሰርቨሩ በደኅና ይነሣል፣ መብራቱም ይበራል፤ ነገር ግን በቻን ሲፕ የተመዘገበ አንድም ስልክ አይናገርም።

መለወጡም የቃል መተካት ብቻ አይደለም። በቻን ሲፕ ጊዜ ለአንድ ስልክ አንድ አንቀጽ ይበቃ ነበር። በፒጄሲፕ ግን ስልኩ ራሱ ለብቻው፣ የይለፍ ቃሉ ለብቻው፣ የሚገኝበት አድራሻ ለብቻው ይጻፋል። ከውጭ መስመር ሰጪው ጋር የሚደረገው ግንኙነት ደግሞ የምዝገባና የማንነት አንቀጽ ይጨመርበታል። አሮጌውን ጽሑፍ ወደ አዲሱ የሚቀይር አጋዥ ፕሮግራም ከአስተሪስክ ጋር ይመጣል፤ ጥሩ ረዳት ነው። ቢሆንም የጻፈውን ሰው መስመር በመስመር ሳያነበው መጫን፣ ያላነበቡትን ውል እንደ መፈረም ይቈጠራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ የምመክረው በድልድይ መሻገርን ነው። ድልድዩ 20ኛው ስሪት ነው። በእርሱ ላይ ፈልገው ካስገቡት ቻን ሲፕ ገና አለ፤ ፒጄሲፕም ሙሉ ሆኖ አለ። ሁለቱም በአንድ ሰርቨር ላይ ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ብቻ አንዱ 5060 በተባለው ፖርት ላይ ሲሆን ሌላው በሌላ ፖርት ላይ መሆን አለበት። በመጀመሪያ የኮምፒዩተር ክፍሉን አምስት ስልኮች ወደ ፒጄሲፕ ማዛወር ነው። ሳምንት ይሥሩ። ቀጥሎ አንድ ፎቅ፣ ከዚያ ሌላው ፎቅ ይሂድ። የውጭ መስመሩ ከሁሉ በኋላ ይዛወር። ማክሮውም በዚሁ ጊዜ እየተፈታ በጎሱብ ይጻፍ። ቻን ሲፕ አንድም ስልክ ሳይኖረው ሁለት ሳምንት ሲቀመጥ፣ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ከ20 ወደ 22 መሻገር ጸጥ ያለ የአንድ ምሽት ሥራ ይሆናል።

"ይኽማ ሁለት ጊዜ መድከም ነው" የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ሁለት ጊዜ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር በአንድ ሌሊት የለወጠ ሰው፣ ጠዋት አንዱ ወገን ሲሰማ ሌላው የማይሰማበት ስልክ ቢገጥመው (ይኽ በሲፕ ስልክ ዘንድ የተለመደ በሽታ ነው) ጥፋቱ የስሪቱ ይሁን የፒጄሲፑ አጻጻፍ በምን ያውቃል? ሁለት መድኃኒት በአንድ ጊዜ የዋጠ በሽተኛ ሰውነቱ ቢያብጥ፣ ሐኪሙም ይቸገራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ድልድዩ ደግሞ የሚነሣበት ቀን ያለው መሆኑን አንዘንጋ። 20ኛው ተራ እርማት የሚያገኘው እስከ ኦክቶበር 2026 ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ቀዳዳ መድፈን ብቻ ይቀረዋል።

የመመለሻ መንገድ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይበልጥብኛል። በአሜሪካ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ በዲሴምበር 1989 የረዥም ርቀት ማገናኛዎቹን ፕሮግራም አሳደሰ። አንድ ወር ያህል በደኅና ሠራ። በ1990 ጃንዋሪ 15 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ኒው ዮርክ ያለው አንዱ ማገናኛ ትንሽ ታወከና ራሱን አጥፍቶ ተነሣ። ተነሥቻለሁ ብሎ ለጎረቤቶቹ ሲናገር፣ መልእክቶቹ ተከታትለው በመድረሳቸው ጎረቤቶቹ ታውከው ወደቁ። እነርሱም ሲነሡ በተራቸው የራሳቸውን ጎረቤቶች ጣሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት አዲስ ፕሮግራም የተሸከሙ ስለ ነበሩ፣ ሕመሙ በ114ቱም ማገናኛዎች ላይ ተዛመተ። ዘጠኝ ሰዓት ያህል በኩባንያው መስመር ከሚደወለው ግማሽ የሚሆነው ሳይደርስ ቀረ። ጥፋቱ በመጨረሻ ሲፈለግ "ብሬክ" የምትባል አንዲት ትእዛዝ ያለ ቦታዋ ተጽፋ ተገኘች። ከ114ቱ ጥቂቶቹ እንኳ በአሮጌው ስሪት ላይ ቢቈዩ ኖሮ፣ እሳቱ የሚቆምበት ድንበር ያገኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

በ2018 ዲሴምበር 6 ቀን ደግሞ በእንግሊዝ የኦቱ፣ በጃፓን የሶፍትባንክ ደንበኞች ሞባይላቸው በድንገት ሥራ ፈታ። ምክንያቱ ከኤሪክሰን በተገዛው የኔትወርክ ፕሮግራም ውስጥ የነበረ አንድ የምስክር ወረቀት ቀኑ ማለፉ ነበር። ያ ፕሮግራም በሶፍትባንክ ዘንድ ዘጠኝ ወር ያህል ያለ እንከን የሠራ ነው። ሶፍትባንክ ከአራት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ አገልግሎቱን የመለሰው ወደ አሮጌው ስሪት በመመለስ ነው። አሮጌው ተደምስሶ ቢሆን ኖሮ ወዴት ይመለሱ ነበር? ትንሽ ሳምንት ተሞክሮ ደኅና ነው የተባለ ስሪትም ቢሆን፣ ከበስተጀርባው የቆየ በር ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ስልኩን ሲያድስ፣ በሚሠራው ሰርቨር ላይ ከላይ ከመጫን፣ አዲሱን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ማዘጋጀት ይሻላል። ሥራ አስኪያጆች እዚህ ላይ "ሁለተኛ ኮምፒዩተር ለምን?" ማለት ይወዳሉ። ዋጋው አንድ ቀን ስልክ ዘግቶ ከመዋል የሚያንስ መሆኑን ገንዘብ ያዡ ቢያሰላው በፍጥነት ይደርስበታል። ከመግዛቱ በፊትም በአሮጌው ሰርቨር ውስጥ ያለው የመስመር ካርድ በአዲሱ ሥርዓት ላይ ድራይቨር እንዳለው፣ ለአሮጌው ስሪት ብቻ የተገዙ ተጨማሪ ክፍሎችም ለ22ኛው የሚሆኑ እንዳላቸው መጠየቅ ይገባል።

የመለወጫው ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ሥራ የማይበዛበት ምሽት ይመረጥ፤ ግን ባለሙያውም መስመር ሰጪውም በማይገኙበት በበዓል ዋዜማ አይሁን። ከሌሊቱ ስንት ሰዓት ድረስ ካልተሳካ ወደ አሮጌው እንደሚመለሱ አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ፤ በዚያ ሰዓት ያለ ክርክር ይመለሱ። ደክሞት "አሥር ደቂቃ ብቻ ስጡኝ" የሚል ባለሙያ ሁልጊዜ አለ፤ አይሰጠው። ከተሳካም የአሮጌው ሰርቨር ገመድ ብቻ ይነቀል እንጂ ዲስኩ ቢያንስ አንድ ወር አይደምሰስ።

ፈተናውም ከሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ወደ ጸሐፊዋ በመደወል የሚያልቅ አይደለም። ከሞባይል ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ሞባይል ይደወል። ጥሪው ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይቋረጥ መቈየቱ ይታይ። ጥሪ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይተላለፍ፤ የሚጠብቀው ሰው ሙዚቃ መስማቱ ይረጋገጥ። ፋክስ ያለው ፋክሱን ይላክ። ማንም የማያስታውሳቸው ስልኮች በመጨረሻ ይቀራሉ፤ አሳንሰር ውስጥ ያለው፣ የድንገተኛ ክፍሉ፣ ጄኔሬተሩ ቤት ያለው፣ በዋናው በር ላይ ያለው የዘበኛው ስልክ። እያንዳንዱ ዘንድ በእግር ተሄዶ፣ እጀታው ተነሥቶ፣ ይደወልበት።